ዲግሪው ባሕር ማዶ ይሠራል ወይ? የምህንድስና ትምህርትና የአገሮች ትብብር

ባለፈው እሑድ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ሰፈር፣ ጎረቤት ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። የቤቱ ልጅ የፍሬሽማን ዓመቷን ጨርሳ ዲፓርትመንት ልትመርጥ ነው። ልቧ ሲቪል ምህንድስና ላይ ነው። እናቷ ሁለተኛውን ስኒ እያቀበሉኝ «አንተ ያለፍክበት ነህና እስቲ ንገረኝ» አሉኝ። «ገና አራት ዓመት ለፍታ የምታመጣው ዲግሪ ባሕር ማዶ ይሠራል ወይ?»

«እትዬ፣ መልሱ እንዲህ በአንድ ቃል አያልቅም» ብዬ ጀመርኩ። ቡናው በረካ ደርሶም አልጨረስኩም። ይህን ጥያቄ በየክረምቱ ከብዙ ወላጅ እሰማዋለሁ። የቀረውን እዚህ ልጻፈው።

«እውቅና» ሲባል የማን እውቅና ነው?

ልጅቷ ስልኳ ላይ አንድ ማስታወቂያ አሳይታኝ ነበር። «ዓለም አቀፍ እውቅና ያለው ትምህርት» ይላል። እውቅናውን ማን እንደሰጠ ግን አልተጻፈም። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የተለያዩ ነገሮች በአንድ ቃል ተጠቅልለው ይቀርባሉ።

አንዱ የመግባቢያ ሰነድ ነው። ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች «አብረን እንሥራ» ብለው የሚፈራረሙት ወረቀት ማለት ነው። ፎቶ ይነሳል፣ ዜና ይሠራል። ሽማግሌ እንደመላክ ቁጠሩት። ሽማግሌ ተላከ ማለት ግን ሠርግ ተደገሰ ማለት አይደለም። ሰነዱ መምህር ሊያለዋውጥ፣ የጋራ ምርምር ሊያስጀምር ይችላል። የተማሪዋን ዲግሪ ግን በራሱ የትም አያሻግርም።

ሌላው የአገር ቤት ፈቃድና ቁጥጥር ነው። እኛ ዘንድ ይህን የያዘው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ከውጭ የመጣ ማስረጃ ከእኛው ጋር አቻ መሆኑን የሚመረምረውም እሱ ነው።

ከዚያ አክሬዲቴሽን የሚሉት አለ። ዛሬ በሰፊው የማወራው ስለዚህኛው ነው። ከዩኒቨርሲቲው ውጭ ያለ አካል መጥቶ አንድን የትምህርት ፕሮግራም ይመረምራል። ከበቃለት «ከዚህ የሚወጣ ሰው በምህንድስና ሥራ ለመጀመር የሚያበቃውን መሠረት ይዟል» ብሎ ይመሰክራል። ልብ በሉ፣ የሚመረመረው ፕሮግራሙ ነው እንጂ ዩኒቨርሲቲው በጅምላ አይደለም። በአንድ ግቢ ውስጥ ሲቪሉ አልፎ ኤሌክትሪካሉ ሊወድቅ ይችላል።

የሙያ ፈቃድ ደግሞ የግለሰቡ ነው። ዲግሪው ተቀባይነት አግኝቶም አገሩ የሥራ ልምድ ወይም ተጨማሪ ፈተና ሊጠይቅ ይችላል። ማስታወቂያዎቹ ይህን ሲያነሱት አላየሁም።

አገሮች መስፈሪያቸውን እንዴት ያስተያያሉ?

የድሮ ገበያ የሚያስታውስ ቁናን ያውቃል። የአንዱ ቁና ከሌላው ይበልጣል ወይም ያንሳል። የመሐል ሜዳ ሰው እህሉን ሌላ ገበያ ሲያወጣ ከዋጋው በፊት በመስፈሪያው መነጋገር ነበረበት። ሁለቱ ገበያዎች «ቁናህን አይቼዋለሁ፣ ከቁናዬ እኩል ነው» ቢባባሉ ግን እህሉ እንደገና መሰፈር አያስፈልገውም።

በምህንድስና ይህን የሚመስለው ስምምነት ዋሽንግተን አኮርድ ይባላል። በ1989 እ.ኤ.አ. የተጀመረው በስድስት አገሮች ነው። አሜሪካ፣ ካናዳ፣ እንግሊዝን የያዘችው ብሪታንያ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ነበሩ። ዛሬ አባላቱ ከ20 በላይ ናቸው። ከአፍሪካ ቀድማ የገባችው ደቡብ አፍሪካ ናት፣ በ1999 እ.ኤ.አ.። ህንድና ስሪላንካ በ2014፣ ቻይና በ2016 ተከተሉ።

ፈራሚዎቹ መንግሥታት አይደሉም። ዩኒቨርሲቲዎችም አይደሉም። በየአገሩ ቁናውን የያዙት፣ ማለትም ፕሮግራሞችን የሚገመግሙት አካላት ናቸው። አንዱ አባል በአገሩ መርምሮ ያሳለፈውን ፕሮግራም ሌላው «ከእኔ ጋር በይዘቱ አቻ ነው» ብሎ ይቀበላል። የተማሪው ወረቀት ቅጠል በቅጠል አይመረመርም።

መግባቱ ቀላል አይደለም። መጀመሪያ ሁለት ነባር አባላት ዋስ ሆነው ያቀርቡሃል። ከዚያ ጊዜያዊ አባል ሆነህ ዓመታት ትቆያለህ። ገምጋሚዎች መጥተው አገመጋገምህን ራሱን ይገመግሙታል። በመጨረሻ ሙሉ አባል የምትሆነው ሁሉም ሲስማሙ ነው። ከገባህም በኋላ በየጊዜው እንደገና ትታያለህ። ደግሞ ወደ ኋላ አይሠራም። አገሪቱ ከመግባቷ በፊት የተመረቀ ሰው በስምምነቱ አይሸፈንም።

(ለቴክኖሎጂስቶች ሲድኒ አኮርድ፣ ለቴክኒሻኖች ደብሊን አኮርድ የሚባሉ ተመሳሳይ ስምምነቶች አሉ። በ2001ና በ2002 እ.ኤ.አ. የተፈረሙ ናቸው።)

ኢትዮጵያ ከዋሽንግተን አኮርድ አባላት መካከል የለችም። ይህን ለእናቲቱ በግልጽ ነገርኳቸው። ይህ ማለት ዲግሪው ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። የእኛ ተመራቂ ካናዳ ወይም አውስትራሊያ ሲደርስ ወረቀቱ በግል ይመረመራል ማለት ነው። የእያንዳንዱ ኮርስ ዝርዝር ሊጠየቅ ይችላል። ተጨማሪ ፈተና ሊታዘዝበትም ይችላል። እህሉ እንደገና ይሰፈራል። ብዙ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች በዚህ መንገድ አልፈው እየሠሩ ነው። መንገዱ ግን ረጅም ነው።

ገምጋሚው ሲመጣ ምን ያያል?

በእኛ አካባቢ የብቅል ገብስ የሚዘራ ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ይረዳዋል። ገብሱን ለቢራ ሲያስረክብ «ስንት ጊዜ አረስክ?» የሚለው የለም። እርጥበቱ ይለካል። የፍሬው መጠን ይታያል። ይበቅላል ወይ ተብሎ ይፈተሻል።

ድሮ የምህንድስና ትምህርት ሲገመገም በአብዛኛው የሚቆጠረው እርሻው ነበር። ስንት ክሬዲት ሰዓት፣ ስንት መምህር፣ ስንት መጽሐፍ። ኤቤት በሚል አጭር ስም የሚታወቀውና በ1932 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአሜሪካው ገምጋሚ ተቋም በ1997 እ.ኤ.አ. አዲስ መመዘኛ አጸደቀ። ትልቁ ጥያቄ «ምን አስተማራችሁ?» መሆኑ ቀርቶ «ተማሪው ምን ማድረግ ቻለ?» ሆነ። ዋሽንግተን አኮርድም ዛሬ የሚሠራው በዚሁ መንፈስ ነው። የተመራቂውን ብቃቶች ይዘረዝራል። ችግርን መተንተን፣ ዲዛይን መሥራት፣ መመርመር፣ በቡድን መሥራት፣ ሐሳብን ማስረዳት፣ የሙያ ሥነ ምግባር፣ የሥራው ውጤት በሰውና በአካባቢ ላይ የሚያመጣውን ማሰብ፤ እነዚህ ሁሉ አሉበት።

በምሳሌ ልሂድ። አንዲት ተማሪ በበሬሳ ወንዝ ላይ የእግረኛ ድልድይ ዲዛይን አድርጊ ተባለች እንበል። ቀመሩን ማወቋ አንድ ነገር ነው። ክረምት ውሃው የት ድረስ እንደሚሞላ ጠይቃለች? አፈሩን አስመርምራለች? አህያ ጭኖ የሚያልፍ ሰው እንዳለ አስባለች? ወጪውን ቆጥራለች? ለምን እንዲህ እንደወሰነች ለቀበሌው ነዋሪ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት ትችላለች? ገምጋሚው የሚፈልገው የዚህን ማስረጃ ነው። የፈተና ወረቀቶችን ያገላብጣል፣ የጎበዙንም የደካማውንም። የመመረቂያ ፕሮጀክቶችን ያነባል። ላብራቶሪ ይገባል። ተማሪዎችን ለብቻቸው ያነጋግራል።

ከሁሉም በላይ ክብደት የምሰጠው ለአንድ ጥያቄ ነው። «ባለፈው ጊዜ ተማሪዎቻችሁ የት ላይ ደከሙ? ከዚያስ ምን አደረጋችሁ?» ዲፓርትመንቱ ድካሙን አግኝቶ፣ ኮርሱን አስተካክሎ፣ መሻሻሉን ለክቶ ማሳየት አለበት። ድካም መገኘቱ አያስወድቅም። የታወቀ ድካም ዝም ተብሎ መቀመጡ ግን ያስወድቃል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የሚሰጠው የመውጫ ፈተና የዚህ ዘመድ ነው። 50 ከመቶ ያላመጣ አይመረቅም። እሱም የሚያየው ውጤትን ነው። ነገር ግን ምርጫ የሚያስመርጥ ፈተና ዲዛይን መቻልንና በቡድን መሥራትን አያይም። ገብሱን በዓይን አይቶ እርጥበቱን መገመት ይሆናል። ስለዚህ አንዱ የሌላው ምትክ አይሆንም።

የውጭ ገምጋሚ ከመጣ አለቀ ማለት ነው?

አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኤቤት ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከአሜሪካ ውጭ ያሉ ፕሮግራሞችንም ይገመግማል። ይህ ትልቅ ክብር ነው። ዩኒቨርሲቲውንም በእውነት ያሻሽላል። ነገር ግን ዋሽንግተን አኮርድ የሚሸፍነው እያንዳንዱ አባል በራሱ አገር ክልል ውስጥ ያሳለፈውን ብቻ ነው። ገምጋሚ ተከራይቶ ስምምነቱ ውስጥ መግባት አይቻልም። የራስን ገምጋሚ አካል ማሳደግ ግድ ነው።

አፍሪካም የራሷን መንገድ ጀምራለች። በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የጸደቀውና በዩኔስኮ ሥር ያለው የአዲስ ስምምነት አለ። የአፍሪካ አገሮች አንዱ የሌላውን የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃ እንዲቀበል የሚያግዝ ነው። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ሥራ ላይ ውሏል። ናይሮቢ ወይም ኪጋሊ ሥራ የሚያስብ ልጅ ይህንን ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ትብብሩ እኛ ጋር እንዴት መጣ?

የውጭ መሐንዲስ ለሰሜን ሸዋ እንግዳ አይደለም። ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ወደ ምኒልክ የመጣው ንጉሡ ገና ሸዋን በሚገዙበት ጊዜ፣ በ1879 እ.ኤ.አ. ነው። የደረሰውም አንኮበር ነው። በኋላ የምድር ባቡሩን ውጥን ያንቀሳቀሰው እሱ ነው። ያኔ ግን የመጣው ባለሙያ ነበር፤ ማስተማሪያ ቤቱ ገና ነበር። የጣርማ በርን ዋሻ እዚህ አልቆጥርም። እሱ የወረራ ዘመን ሥራ ነው፣ ትብብር አንለውም።

ትምህርቱ የመጣው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። አዲስ አበባ ላይ የምህንድስና ኮሌጅ ተከፈተ። በ1954 ከስዊድን ጋር የሕንፃ ኮሌጁ ተመሠረተ። በ1963 ደግሞ በሶቪየት ኅብረት እገዛ የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ሥራ ጀመረ። የዛሬዎቹ ትልልቅ የቴክኖሎጂ ተቋማት ሥረ መሠረታቸው እዚያ ነው።

ቀጥሎ የጀርመን ዘመን መጣ። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰፊ የምህንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም ተዘረጋ። ጀርመናውያን ምሁራን ተቋማትን እስከ መምራት ደረሱ። አዳማ ላይ ጀርመናዊ፣ ኋላም ኮሪያዊ ፕሬዚዳንት ነበር። የእኛው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩት 13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። የእነዚያም ግንባታ በጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት እየተመራ ነው የተሠራው። በዚያው ሰሞን ከመቶ ሰባ ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ የሚለው ፖሊሲ ወጣ። ሕንፃውና ተማሪው ቶሎ ደረሱ። መምህርና ላብራቶሪ ግን በዚያ ፍጥነት አይደርሱም። አንድ የዶክትሬት መምህር ለማፍራት ዓመታት ይፈጃል።

ውጭ ለማይሄደው ምን ይጠቅመዋል?

እናቲቱን ያላሰቡት ቦታ የወሰድኳቸው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው ተመራቂ የትም አይሄድም። እዚሁ ነው የሚሠራው። ትብብሩ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገውም ለእሱ ነው።

በግንቦት 1953 ዓ.ም. (በ1961 እ.ኤ.አ. መሆኑ ነው) ካራቆሬ አካባቢ ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። የማጀቴ ከተማ ፈራረሰች። አውራ ጎዳናው ተሰነጠቀ። አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። ያን መንቀጥቀጥ የመዘገበ መሣሪያ አዲስ አበባ ውስጥ ነበር። እንዴት ተገኘ? ከጥቂት ዓመት በፊት፣ በ1957ና 1958 እ.ኤ.አ.፣ የዓለም ሳይንቲስቶች ስለ መሬት አብረው የሚለኩበት ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ታውጆ ነበር። አዲስ አበባ ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ ናት። ስለዚህ ፒየር ጉዋን የተባሉ ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስና ሳይንቲስት በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ አቋቋሙ። መመልከቻው እስከ ዛሬ አለ። የዛሬ ሠራተኞቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። በ2017 ዓ.ም. ከአንኮበር ገደል ማዶ ቆላው ውስጥ፣ አዋሽ ፈንታሌ ላይ መሬቱ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ አገር ሁሉ ጆሮውን የሰጠው ለእነሱ ነበር።

ይህ ልኬት ወዴት ይሄዳል? ወደ ሕንፃ ኮድ ነው። ኮድ ማለት ሕንፃ ሲሠራ ምሰሶው ምን ያህል ብረት፣ መሠረቱ ምን ያህል ጥልቀት ይኑረው የሚለውን የሚገዛ ደንብ ነው። ኢትዮጵያ በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ኮድ መሠረቱ የአውሮፓው ነው። የአውሮፓው ኮድ ደግሞ አንድ ብልህ ነገር አለው። ሆን ብሎ ባዶ ቦታ ይተዋል። መሬትህ ምን ያህል ይንቀጠቀጣል? ነፋስህ ምን ያህል ይበረታል? እነዚህን ቁጥሮች እያንዳንዱ አገር ራሱ ይሞላቸዋል። ቀመሩ ከውጭ ሊመጣ ይችላል። የደብረ ሲና ተዳፋት ለምን እንደሚንሸራተት፣ ጥቁሩ የመረሬ አፈር ክረምት ምን ያህል እንደሚያብጥና በጋ ምን ያህል እንደሚሰነጠቅ ግን ከስቶክሆልም ወይም ከበርሊን አይለካም። የሚለካው ሰው እዚህ መኖር አለበት። እኔ አንድን ትብብር የምመዝነው በዚህ ነው። ባዶ ቦታውን መሙላት የሚችል ሰው ትቶ ሄዷል ወይስ የተሞላ ቅጽ?

ታዲያ የሚከሽፈው የት ላይ ነው?

እኔ በተማርኩበት ግቢ ውስጥ በእርዳታ የመጣ የኮንክሪት መፈተሻ ማሽን ነበር። ሦስት ዓመት ከነሣጥኑ አየሁት። የሚተክለው ባለሙያ አብሮ አልመጣም። መለዋወጫ በማን በጀት እንደሚገዛ አልታሰበም። እኛም የላብ ሪፖርቱን ከሲኒየሮች ተቀባብለን ጻፍን። ሲሰበር ያላየሁትን ኮንክሪት ጥንካሬ በቁጥር አስፍሬ ፈርሜያለሁ። መጀመሪያ ሥራ የገባሁ ቀን መንዝ ውስጥ አንድ ሳይት ላይ ፎርማኑ ናሙናውን ይዞ «ኢንጂነር፣ ይህ ይለፍ?» ሲለኝ የተሰማኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ማሽን ብቻውን ትምህርት አይሆንም። ማሽኑን የሚያንቀሳቅስ የላብ ቴክኒሻን፣ የሚጠግን እጅ፣ በየዓመቱ የሚያስተካክል በጀት አብረው መኖር አለባቸው። ስምምነት ሲፈረም እነዚህ ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። ፎቶ ላይ አይወጡማ።

ሌላው ሰው የመላክ ጉዳይ ነው። ጎበዝ መምህር ለዶክትሬት ይላካል፤ አንዳንዱ እዚያው ይቀራል። አልፈርድበትም። የኑሮው ክብደት ይታወቃል። ለዚህ ከተገኙት መላዎች አንዱ ሳንድዊች የሚሉት ነው። ተማሪው የሚመዘገበው እዚህ ነው። የምርምር ጥያቄውም የዚህ አገር ነው። ወራት ውጭ ላብራቶሪ ይሠራል፣ ይመለሳል፣ እዚሁ ይመረቃል። ሁለት አማካሪ አለው፣ አንድ ከዚህ አንድ ከዚያ። አማካሪዎቹም በዚያው ይቀራረባሉ።

ጎረቤት ለጎረቤት መማማርም አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. የዓለም ባንክ በአፍሪካ ምሥራቃዊና ደቡባዊ ክፍል 24 የልህቀት ማዕከላትን መደገፍ ሲጀምር አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምድር ባቡርና የውሃ አስተዳደር ማዕከላትን አገኘ። ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተማሪዎች እዚህ መጥተው ይማራሉ። ትብብር ማለት ሁልጊዜ ከሰሜን የሚመጣ ነገር ብቻ አይደለም።

ልጅቷ ምን ትጠይቅ?

ማስታወቂያ ላይ «ዓለም አቀፍ» የሚል ቃል ሲታይ ሦስት ነገር መጠየቅ በቂ ነው። ማን ሰጠው? ለየትኛው ፕሮግራም? እስከ መቼ? አክሬዲቴሽን ማብቂያ ቀን አለው። ለምሳሌ ኤቤት በአንድ ጊዜ ከ6 ዓመት በላይ አይሰጥም። መልሱ ስምና ቀን ከሌለው ምናልባት ሽማግሌው ብቻ ነው የተላከው።

ውጭ ለመሄድ ያሰበች ከሆነ ደግሞ የእያንዳንዱን ኮርስ ዝርዝር ከአሁኑ ትያዝ። ከተመረቁ በኋላ እሱን ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ መንከራተት አድካሚ ነው። የኢንተርንሽፕ ሪፖርቷንና የመመረቂያ ፕሮጀክቷን አትጣል። የምትችለውን የሚያሳዩት እነሱ ናቸው።

ይህን ሁሉ ስናገር ልጅቷ ስልኳ ላይ ትጽፍ ነበር። በመጨረሻ ቀና ብላ «እዚህስ የኮንክሪቱ ማሽን ይሠራል?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ሰኞ ጠዋት ዲፓርትመንቱ ቢሮ ሄዳ ልትጠይቅ ነው። እናቷም አብሬያት እሄዳለሁ ብለዋል።